ከቁርጭምጭሚት ጉዳት በኋላ ወደ ፓርኩር መመለስ፦ ሕመሙ ሳያገረሽ ለዓመታት መለማመድ እንዴት ይቻላል?

አጥር ዘላይ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፓርኩርን (ግድግዳና አጥር የመሳሰሉ መሰናክሎችን በሩጫ፣ በዝላይና በመውጣት የማለፍ ስፖርት) ለበርካታ ዓመታት የተለማመድኩና ዕድሜዬ ሠላሳን የተሻገረ ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት ከግድግዳ ወደ መደገፊያ ብረት በፕሪሲዥን (በጠባብ ጠርዝ ላይ በሁለት እግር አነጣጥሮ በማረፍ) ስዘል የግራ እግሬ ከብረቱ ላይ ተንሸራትቶ ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውስጥ ታጠፈና ክፉኛ ወለም አለኝ። በራጅ ስብራት እንደሌለ ከታየ በኋላ በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች በከፊል መበጠሳቸው ተነገረኝ፤ የፊዚዮቴራፒ ክትትሌንም ሳላቋርጥ ጨርሼ «ወደ ስፖርትህ መመለስ ትችላለህ» ተብዬ ተሰናበትኩ።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በእግር ስሄድ፣ ደረጃ ስወጣና ስወርድ፣ ቀለል ባለ ፍጥነት ስሮጥ ምንም አይሰማኝም። ወደ ዝላይ ስመለስ ግን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሰላም ያልፉና ቁርጭምጭሚቴ አመሻሽ ላይ ማበጥ ይጀምራል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የዚያው እግር አኪለስ ጅማት (ባትን ከተረከዝ የሚያገናኘው) ግትር ብሎ ስለሚያድር ጠዋት ከአልጋ ስነሣ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች የምራመደው እያነከስኩ ነው። ሲብስብኝ አርፋለሁ፤ ሳርፍ ይተወኛል፤ ስጀምር ይመለሳል።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። እግሬ ለዝላይ መድረሱን ከስሜት ባለፈ በምን ልለካው? የልምምዱን መጠንስ እንዴት ልወስን? ደግሞም ቀድሞ ሳላስብበት እዘለው የነበረው ርቀት ላይ ስደርስ አሁን አመነታለሁ፤ ይህን ማመንታት ልታገለው ወይስ ልስማው? «ስፖርቱን ተወው» የሚለውንም «ሕመም ያለ ነው፣ ጨክነህ ቀጥል» የሚለውንም ምክር እስኪበቃኝ ሰምቻለሁ። እኔ የምፈልገው በ50 ዓመቴም ግድግዳ መውጣት የሚያስችለኝን መንገድ ነው።

ቀስ በቀስ

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ወጣቶችንና ጎልማሶችን ፓርኩር አሠለጥናለሁ፤ የአንተን ዓይነት ታሪክ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ስለሆነ ከመሠረቱ ብጀምር አይከፋህም ብዬ አስባለሁ።

«መመለስ ትችላለህ» የተባልከው ለዕለት ተዕለት ኑሮ የሚበቃ እግር ስላለህ ነው። ሰው ሲራመድ በእያንዳንዱ እግር ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነቱ ክብደት ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ሲሮጥ ይህ ወደ 2 እና 3 እጥፍ ያድጋል፤ ከዝላይ ሲወርድ ደግሞ እንደ ከፍታውና እንደ አወራረዱ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ደረጃ ስትወርድ አለማመምህ ስለ ዝላይ የሚነግርህ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። እረፍቱም ቢሆን ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ጡንቻንም ሆነ ጅማትን አያጠነክርም፤ እንዲያውም ባረፍክ ቁጥር አቅምህ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ስትመለስ የምትዘለው ግን ያንኑ የድሮውን ርቀት ነው። ሕመሙ የሚመላለስብህ በዚህ ክፍተት በኩል ይመስለኛል።

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በመጀመሪያ በባዶ እግርህ ግድግዳ ፊት ቁምና ተረከዝህን ከመሬት ሳታነሣ ጉልበትህን ግድግዳው ላይ አስነካ። እግርህን ጥቂት በጥቂት ወደ ኋላ እያራቅህ ሞክር፤ ተረከዝህ ሊነሣ ሲል ቆም በልና ከአውራ ጣትህ ጫፍ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ለካ። የሁለቱ እግሮች ልዩነት ከ2 ሴንቲሜትር ካለፈ ቁርጭምጭሚትህ የመታጠፍ አቅሙን ገና አላስመለሰም ማለት ነው፤ የማይታጠፍ ቁርጭምጭሚት ደግሞ ምቱን ለጉልበትና ለሌላው አካል ያሻግረዋል። ቀጥለህ በአንድ እግር ቆመህ፣ ጉልበትህን ሳታጥፍና ሳትቸኩል፣ በጣቶችህ ላይ እስከ መጨረሻው ተነሣና ውረድ። ለዝላይ የሚዘጋጅ ሰው 25 አካባቢ ቢደርስ ጥሩ ነው፤ ዋናው ግን የተጎዳው እግር ከደህናው ከ10 በመቶ በላይ አለመቅረቱ ነው። በመጨረሻም በአንድ እግር ወደ ፊት ዘለህ በዚያው እግር ሳትንገዳገድ ለመቆም ሞክር፤ እዚህም የተጎዳው የሚዘለው ርቀት ከደህናው 90 በመቶ መድረስ አለበት። ደህናው እግርም በእረፍቱ ወራት እንደሚዳከም አትርሳ፤ ሁለቱ እኩል ደካማ ሆነው እኩል ቢወጡ ደስ ሊልህ አይገባም።

አሁን ወደ መጠኑ ልምጣ፤ ለእኔ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። አብዛኛው ሰው ልምምዱን የሚለካው በሰዓት ነው። እግር ግን የሚያውቀው ስንት ጊዜ፣ ከምን ያህል ከፍታ፣ በአንድ ወይስ በሁለት እግር መሬት እንደነካ ብቻ ነው። ወገብ የሚደርስ ግድግዳ ላይ ቆሞ ፊት ለፊቱ ያለውን ጠርዝ በፕሪሲዥን የሚሞክር ሰው ልብ ብለህ ተመልከት። ይዘላል፤ እግሩ ጠርዙን ነክቶ ይመለስና ወደ ኋላ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ጠርዙን ሲነካ አንድ፣ መሬቱን ሲነካ ሁለት። ተመልሶ ይወጣና ደግሞ ይዘላል፤ አሁን ይደርሳል፣ ነገር ግን ሚዛኑን ስቶ ወደ ፊት ይወርዳል፤ አራት ሆነ። ውኃ ሊጠጣ ሲል ከግድግዳው ላይ እንደ ዘበት ዘሎ ይወርዳል፤ ይህን የሚቆጥረው የለም። እንዲህ እያለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከመቶ በላይ መሬት ነክቶ ሲያበቃ ብትጠይቀው «ዛሬ ብዙም አልዘለልኩም» ነው የሚልህ። ደብተር ያዝ የምልህ ለዚህ ነው። የሞከርካቸውን ሳይሆን መሬት የነካህባቸውን ቁጠር፤ ከግድግዳ የምትወርደውንም ዘለህ ሳይሆን ተንጠልጥለህና ረግጠህ ውረድ። ይህቺ አንዲት ልማድ ብቻ የእግርህን ሸክም በብዙ ትቀንሰዋለች።

ከፍታን በተመለከተ ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከ1 ሜትር የሚወርድ ሰው መሬት የሚነካው በሰከንድ 4.4 ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው፤ ከ2 ሜትር ሲሆን 6.3 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ባይሆንም ሰውነት ማብረድ ያለበት ኢነርጂ ግን ልክ እጥፍ ነው። ስለዚህ ወደ ልምምድ ስትመለስ መጀመሪያ ከፍታን ቀንስ፤ ርቀትና ድግግሞሽ ከዚያ በኋላ ይታሰቡ።

የጣሪያ ሯጭ

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። ፓርኩርን የወደድነው ከመለኪያና ከሰንጠረዥ ነፃ ስለሆነ አይደለምን? ደብተር ይዞ ዝላይ የሚቆጥር ሰው ትኩረቱ ከሰውነቱ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል። እኔም ቁርጭምጭሚቴን ተጎድቼ አውቃለሁ፤ የሚያመኝን እየተውኩ የማያመኝን እየሠራሁ፣ ሰውነቴን እያዳመጥኩ ተመልሻለሁ። ሰውነት ይናገራል፤ መስማት ነው።

የጅማት ነገር

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ያልመረመርኩትን እግር በጽሑፍ ማከም እንደማልችል እየታወቀልኝ፣ ለጠያቂውም ከላይ አስተያየት ለሰጡትም አንዳንድ ነገር ልበል።

«ሰውነትን ማዳመጥ» መልካም ምክር ነው፤ ነገር ግን ጅማት ሲናገር ዘግይቶ ነው። ጡንቻ ሲበዛበት እዚያው በልምምዱ ላይ ያስታውቃል፤ አኪለስ ግን ሰውነት ሲሞቅ ሕመሙ ይለዝብና፣ ልምምዱ አልፎ፣ ሌሊቱ አልፎ፣ በማግሥቱ ጠዋት ነው የሚያስከፍለው። ስለዚህ መስማት ያለብዎት ዝላይ ላይ ሳሉ የሚሰማዎትን ብቻ ሳይሆን በማግሥቱ ከአልጋ ሲወርዱ የሚሰማዎትን ነው። እዚህ ላይ የአሠልጣኙ ደብተር ትልቅ ጥቅም አለው፤ የትናንቱ መጠን ካልተጻፈ የዛሬው ጠዋት ሕመም ከምን እንደመጣ ማወቅ አይቻልምና።

ወደ ጠያቂው ስመለስ፣ እርስዎ የገለጹት አንድ ችግር ሳይሆን ሁለት ይመስለኛል፤ በአንድ እግር ላይ ስለተገናኙ ያምታታሉ እንጂ አያያዛቸው ይለያያል። አንደኛው የወለምታው ርዝራዥ ነው። ጅማት ሲበጠስ የሚጎዳው ጥንካሬው ብቻ አይደለም፤ ቁርጭምጭሚቱ ወዴት እንዳዘነበለ ለአንጎል የሚያስታውቁት የነርቭ ጫፎችም አብረው ይጎዳሉ፤ አንድ ጊዜ ክፉኛ ወለም ያለው እግር እንደገና ወለም ለማለት የሚቀለውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ይህን ስጋት እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ በስፖርት ሰዓት ቁርጭምጭሚትን በማሰሪያ ወይም በቴፕ መደገፍም እንዲሁ። በባት ውጭ በኩል ያሉትን፣ እግርን ወደ ውጭ የሚያዞሩትን ጡንቻዎች በላስቲክ ማጠንከር ደግሞ ከፕሮግራምዎ መቅረት የለበትም።

አመሻሽ ላይ የሚመጣው እብጠት ግን አያስደስተኝም። ራጅ የሚያሳየው በዋነኛነት አጥንትን ነው፤ በወለምታ ጊዜ በመገጣጠሚያው ውስጥ በካርቲሌጅ (የአጥንቶችን ጫፍ በሚሸፍነው ለስላሳ ንጣፍ) ላይ የደረሰ ጉዳት በራጅ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ሕመሙ ወደ ውስጥ የጠለቀ ከሆነ፣ እግርዎ ድንገት የሚከዳዎት ከሆነ ወይም መገጣጠሚያው እንደ መቆለፍ የሚል ከሆነ፣ ከማናቸውም የልምምድ ዕቅድ በፊት ሐኪም ዘንድ ተመልሰው የኤምአርአይ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ይጠይቁ።

ሁለተኛው አኪለስ ነው። የጠዋት ግትርነት ከመጠን በላይ የተጫነበት ጅማት የታወቀ ምልክት ነው። ይህ ጅማት ሁለት ነገር አይወድም፤ ድንገተኛ ጭማሪንና ፍጹም እረፍትን። እርስዎ ደግሞ ሁለቱን እያፈራረቁ ሰጥተውታል። የሚፈልገው በዝግታ የሚሠራ ከባድ ሸክም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 የታተመውና እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው የአልፍሬድሰን ዘዴ በደረጃ ጠርዝ ላይ ተረከዝን በዝግታ ወደ ታች ማውረድን በቀን 2 ጊዜ፣ ጉልበት ተዘርግቶም ታጥፎም፣ 15 ድግግሞሽ ያለው 3 ዙር፣ ለ12 ሳምንታት ያዝዛል። ከዚያ ወዲህ ክብደት ተሸክሞ በሳምንት 3 ጊዜ በዝግታ መሥራት ተቀራራቢ ውጤት እንደሚሰጥ ታይቷል፤ ጊዜ ለሌለውና ነገር ለሚሰለቸው ሰው እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ሕመሙ ያለው ተረከዝ አጥንቱ ላይ፣ ጅማቱ ከሚጣበቅበት ቦታ ከሆነ ግን ተረከዝን ከጠርዙ በታች ማውረዱ ይቅርብዎት፤ በደልዳላ መሬት ይሥሩት።

ምን ያህል ሕመም ይፈቀዳል ለሚለው የተለመደው መለኪያ ከ0 እስከ 10 ያለው ነው። በልምምዱ ጊዜና ከልምምዱ በኋላ እስከ 5 ቢደርስ አያሳስብም፤ በማግሥቱ ጠዋት ግን ወደ ነበረበት መመለስ አለበት፤ ከሳምንት ሳምንትም ከፍ እያለ መሄድ የለበትም። በዝላይ ቀናት መካከል ቢያንስ 2 ቀን ክፍተት ይተዉ። ጅማት ከጠንካራ ልምምድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀንና ተኩል ገደማ ውስጥ የሚፈርሰው ኮላጅን (ጅማት የተሠራበት ፕሮቲን) ከሚገነባው ይበልጣል፤ ግንባታው የሚያመዝነው ከዚያ በኋላ ነው። በየቀኑ የሚዘል ሰው ግንባታው ሳይጀመር ያፈርሰዋል።

ከአሠልጣኙ የምለየው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። እሳቸው ዝቅ ባለ ከፍታ ዝላይ ይጀመር የሚሉ ይመስላል፤ እኔ ግን በአንድ እግር መነሣቱ ከደህናው ጋር እስኪቀራረብ ድረስ ዝላዩ ይቆይ እላለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

ሚዛን ጠባቂ

እኔ የጉልበቴ የፊት መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ሕክምና ከተተካልኝ በኋላ ወደ ፓርኩር የተመለስኩ ሴት ነኝ። ጉዳታችን ቢለያይም ከጥያቄዎቹ ሦስተኛው፣ የማመንታቱ ነገር፣ ማንም ስላልነካው እሱን ልውሰድ።

በመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ሥራ እንደሚሠራ ልንገርህ። የእኔን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ሰዎች ላይ ተሠርቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመ ጥናት፣ እስከ 9ኛው ወር ድረስ ወደ ስፖርት መመለሱ በ1 ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት መጠኑ በ51 በመቶ ይቀንስ እንደነበር አሳይቷል። እኔ ይህን ባነበብኩ ጊዜ ጉልበቴ ምንም አያመኝም ነበር። አለማመም ፈቃድ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ማመንታትን በተመለከተ ሁለት ዓይነት አለ ብዬ አምናለሁ፤ መለያ ዘዴውም ቀላል ነው። የሚያስፈራህን ርቀት በጫማህ ልክ ለካና በደልዳላ መሬት ላይ ሁለት መስመር በጠመኔ አስምር። ያንኑ ርቀት ከመስመር ወደ መስመር ዝለለው። መሬት ላይ ሳታመነታ፣ ሳትንገዳገድ፣ በሁለቱም እግር እኩል እየረገጥህ የምትዘለው ከሆነ እግርህ ርቀቱን ችሎታል፤ የቀረው ከከፍታው ጋር መላመድ ነው፤ ከጉልበት በታች በሆነ ጠርዝ ላይ ጀምረህ በትንሽ በትንሹ ትጨምራለህ። መሬት ላይም እያለህ ሰውነትህ ወደ ደህናው እግር የሚያደላ ከሆነ ግን ፍርሃቱ እውነቱን ነው፤ ያን ርቀት ለጊዜው ተወውና ወደ ጥንካሬው ተመለስ። ይህን ሳይለዩ «ፍርሃትን ማሸነፍ» የሚባለው ነገር ለእኔ አይገባኝም። ከሁሉ የከፋው ከተነሡ በኋላ በአየር ላይ ሐሳብ መቀየር ነው፤ ብዙ ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈው ያኔ ነውና፣ ጠርዝ ላይ ቆመህ ለራስህ ድፍረት መስጠት ካስፈለገህ ውረድና ርቀቱን አሳጥረው።

ስለ መቁጠሩም አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥሩን እቀበለዋለሁ፣ ነገር ግን ድምፁንም ስማ። ደህና አወራረድ የሚጀምረው በእግር ፊተኛ ክፍል ነው፤ ተረከዝ ቀስ ብሎ ይከተላል ወይም ጨርሶ አይነካም፣ ጉልበትና ዳሌ ታጥፈው ምቱን ያበርዱታል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ጧ ማለት ሲጀምር፣ ወይም ሁለቱ እግሮች እኩል መንካታቸው ቀርቶ ጠ-ጧ ሲል፣ ያሰብከው ቁጥር ባይሞላም የዕለቱ ዝላይ አብቅቷል። ከጓደኞች ጋር ሲሆን፣ በተለይ ካሜራ ሲቀረጽ፣ ይህን ድምፅ የሚሰማ ሰው አላየሁም።

ሌላው የማረፊያው ነገር ነው። ብዙ ሰው ከጉዳት ሲመለስ ወፍራም ፍራሽ ላይ መዝለል ይሻላል ብሎ ያስባል። ለመውደቅ ይሻላል፤ ወለም ብሎ ለሚያውቅ ቁርጭምጭሚት ግን የሚሰምጥ ፍራሽ እግርን ወደ ጎን ሊያዞር ይችላል። ደልደል ያለና ጥቂት የሚለዝብ ነገር፣ ለምሳሌ የጎማ ወለል ወይም ጠፍጣፋ ሣር፣ የተሻለ ነው። ኮንክሪት በመጨረሻ ይምጣ፣ ግን መምጣቱ አይቅር።

እግርህ እስኪደርስ ደግሞ እጅህን አታስፈታው። በእጅና በእግር መሄድ፣ ተንጠልጥሎ ወደ ጎን መጓዝ፣ ክላይም አፕን (ከግድግዳ ጠርዝ ተንጠልጥሎ ወደ ላይ መውጣትን) በክፍል በክፍል ማጥራት፣ ዝቅ ባለ ብረት ላይ በሚዛን መራመድ፣ እነዚህ ሁሉ ፓርኩር ናቸው። ነገር ግን የእግሩን ሸክም በሙሉ አንሥተህ እጅህ ላይ አትጫነው፤ የእጅ አንጓና ክርንም ጅማት አላቸው፣ እነሱም የሚናገሩት ዘግይተው ነው።

አጥር ዘላይ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ልኬቱን ሠርቼዋለሁ። በጉልበትና ግድግዳው ልኬት ግራዬ ከ2 ሴንቲሜትሩ በላይ ዝቅ ብሏል፤ በአንድ እግር መነሣቱ ደግሞ የቀኙን ግማሽ እንኳ አልሞላም፤ ይህን ያህል ልዩነት ፈጽሞ አልጠበቅኩም ነበር። መገጣጠሚያው አይቆለፍም፣ አይከዳኝምም፤ ቢሆንም ስለ እብጠቱ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ። የአኪለሱ ሕመም ከተረከዝ አጥንቱ ከፍ ብሎ በጅማቱ መካከል ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሳምንቱ በተግባር ምን ይመስላል? ደግሞስ እስከዚያው ድረስ ከፍታ ያላቸውን ነገሮች በሮል (በትከሻ ተንከባልዬ) ብወርድ ምቱ ይቀንስልኛል?

ቀስ በቀስ

ከልኬትህ በኋላ የፊዚዮቴራፒስቱን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ ለአሁኑ ዝላይ ይቆይ።

የሮሉን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የፓርኩር አወራረድም ሆነ ሮል ከተለመደው አወራረድ ያነሰ ምት መሬት ላይ እንደሚያሳርፉ ለክቷል፤ ስለዚህ ሮል ጥቅም አለው። ይሁን እንጂ ሮል ከመጀመርህ በፊት መሬቱን የሚነካው ያው እግርህ ነው፤ ቁርጭምጭሚትህ ከሥራ ነፃ አይወጣም። ደግሞም ሮል የሚሠራው ወደ ፊት የሚሄድ ፍጥነት ሲኖር ነው፤ ቀጥ ብሎ ለሚወርድ ሰው ብዙም አይረዳም። ስለዚህ ሮልን ከፍታ ለመድፈር አትጠቀምበት፤ ከቁመትህ ዝቅ ብለህ፣ ከመንበርከክ ወይም ከቁጢጥታ ተነሥተህ፣ ከአንዱ ትከሻ ወደ ተቃራኒው ዳሌ በሰያፍ እየተንከባለልህ አጥራው። ስትመለስ የተሳለ ሮል ይጠብቅሃል።

ሳምንቱን በተመለከተ በእኔ ግምት 3 ቀን የጥንካሬ ይሁን፤ በአንድ እግር በጣት መነሣት ጉልበት ተዘርግቶና ታጥፎ፣ ስኳት፣ በአንድ እግር ከደረጃ በዝግታ መውረድ። በእነዚያው ቀናት መጨረሻ ላይ የእጅ ሥራውንና የብረት ላይ ሚዛኑን ጨምርበት። በተረፉት ቀናት ተራመድ፣ ቁርጭምጭሚትህን በግድግዳው ልምምድ አፍታታ፣ እንቅልፍህን ጠግብ። በአንድ እግር መነሣቱ ከቀኙ 90 በመቶ ሲደርስ ከ3ቱ ቀናት ሁለቱን ወደ ዝላይ ቀን ትቀይራለህ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት እንደተባለው ይጠበቅ። የመጀመሪያው ዝላይ ገመድ መዝለል ወይም ባሉበት ሆኖ በሁለት እግር ትንንሽ መንጠር ነው፤ ያ ጠዋት ላይ ካላስቀየመህ ከጉልበት በታች ከሆነ ጠርዝ በሁለት እግር መውረድ፤ ከዚያ በአጭር ርቀት ፕሪሲዥን፤ በአንድ እግር ማረፍና ሩጫ ያለበት ዝላይ መጨረሻ ላይ ይምጡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሬት የምትነካው ከ30 ባይበልጥ እመርጣለሁ። ይህ ቁጥር ከሥልጠና ልምዴ የመጣ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም።

ስትጨምር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጨምር። ከፍታው ከጨመረ ቁጥሩ ባለበት ይቆይ፤ ቁጥሩ ከጨመረ ወለሉ አይቀየር። ሦስቱን በአንድ ቀን የቀየረ ሰው በማግሥቱ ሲያመው የትኛውን እንደሚቀንስ አያውቅም። ሕመሙ ካገረሸ ደግሞ ወደ ዜሮ አትመለስ፤ ዝላዩን ብቻ ወደ ቀደመው ደረጃ መልሰውና ጥንካሬውን ቀጥል። እስከ ዛሬ የጎዳህ ሁሉንም አብሮ መተውህ ይመስለኛል።

ለጣሪያ ሯጭም አንድ ቃል አለኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ በፓሪስ አቅራቢያ በሊስ ከተማ ይህን ስልት ያስጀመሩት ወጣቶች ነፃ የሚመስለውን እንቅስቃሴያቸውን የገነቡት አንዱን ዝላይ እልፍ ጊዜ እየደጋገሙና ሰውነታቸውን በብርቱ እያጠነከሩ ነው። ደብተር መያዛቸውን አላውቅም፤ ነገር ግን ሥርዓት የለሽ አልነበሩም።

የጣሪያ ሯጭ

በዚህ ተረትቻለሁ ባልልም የጠመኔውን ዘዴ ግን ወድጄዋለሁ፤ ነገውኑ እሞክረዋለሁ።

የጅማት ነገር

ዕቅዱ ደህና ነው። ለጠያቂው ሦስት ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር። ከልምምድ በፊት ማስታገሻ አይውሰዱ፤ የምንመራበትን ምልክት ያጠፋብናልና። ለማናቸውም ሕመም አንቲባዮቲክ ሲታዘዝልዎት የጅማት ችግር እንዳለብዎት ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ አኪለስን እስከ መበጠስ ሊያደርሱት እንደሚችሉ ማስጠንቀቂያ የተሰጠባቸው ናቸው። ከኋላ የተመቱ ያህል ድንገት ጧ ብሎ ከዚያ በጣት መነሣት ካቃተዎት ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

12 ሳምንታት ያህል ጥንካሬውን ሳያቋርጡ ሠርተው የጠዋቱ ግትርነት ካልቀነሰ፣ ደብተሩን ይዘው ጅማቱን በአልትራሳውንድ ሊያይልዎት ወደሚችል ባለሙያ ይሂዱ። ከሐኪሙ ቀጠሮ በኋላ ስለ እብጠቱ የተባሉትን እዚህ ቢጽፉልን ዕቅዱን በዚያው ልክ እናስተካክለዋለን።